የአባዬ የቅዳሜ ክኒኖች

አባዬ ነርስ መሆኔን ለሰው ተናግሮ አያውቅም። «ልጅቷ ናይሮቢ ሕክምና ቤት ትሠራለች» ይልና ዝም ይላል። ሰሚው «ዶክተር ናታ!» ብሎ ሲያደንቅ አያርመውም። አጠገቡ ቆሜ ሰምቼው ስንቴ ደሜ ፈልቷል! ዶክተር እንድሆንለት ነበር ምኞቱ። እኔ ደግሞ ነርስነቴን ወድጄ የያዝኩት ሥራ ነው። ኪሊማኒ ባለው ክሊኒካችን ኬንያውያኑ «ሲስታ!» ብለው ሲጠሩኝ ቀና ብዬ ነው የምዞረው።

እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻውን አዲስ አበባ እንዲቀመጥ አልፈለግኩም፤ ኢምባካሲ ያለው ቤቴ አመጣሁት። ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ደም ግፊት አለበት። ታላቅ እህቱን ይኸው ግፊት ጥሏት፣ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት፣ አፏ ተይዞ የእሱን ስም እንኳ መጥራት አቅቷት ነው የሞተችው። እኔ ያስታመምኳት ነኝ። አባዬን እንደዚያ ሆኖ ማየት ነበር የምፈራው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በየቀኑ ጠዋት አንድ ክኒን። ለወራት ግፊቱ ልክ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። አንድ ረቡዕ ከሥራ ገብቼ ብለካው ቁጥሩ ሰማይ ነክቷል። አሳርፌ ደግሜ ለካሁት፤ ያው ነው።

«አባዬ፣ ክኒንህን ትወስዳለህ?»

«አንድም አላጎደልኩም» አለኝ፣ ቆጣ ብሎ። አባዬ ደግሞ አይዋሽም።

በማግስቱ ዌስትላንድስ ወዳለው ሐኪሙ ይዤው ሄድኩ። የናይሮቢ መንገድ እንደሚታወቀው ነው፤ የተሳፈርንበት ማታቱ ታክሲ አንድ ቦታ ተገትሮ ሲቀር አባዬ ዘወር ብሎ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ራሴን ያዞረኛል፤ ጾሙ ነው መሰለኝ» አለኝ። ይህቺ ነገር አልዋጥልኝ አለች። በአዘቦት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም፤ ቅዳሜ ግን ቁርሱን በልቶ ነው የሚውለው። ጾሙ የሚያዞረው ቢሆን ኖሮ ሰኞ ወይ ማክሰኞ አያዞረውም ነበር?

ሐኪሙ ረጋ ያለ፣ ሰው የሚያዳምጥ ሰው ነው። ሁለተኛ መድኃኒት ሊጨምርለት ሲል፣ «ዶክተር፣ እስከ ሰኞ ይታገሡኝ። አወሳሰዱን ቤት ውስጥ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ» አልኩት። አሰብ አደረገና፣ ጠዋትና ማታ እንድለካው፣ ራስ ምታት ወይም የእጅ መዛል ካየሁ ሳልውል ሳላድር እንዳመጣው ነግሮኝ፣ «እሺ ሲስታ» አለኝ።

ቅዳሜ ፈረቃዬን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ቤት ቀረሁ። አባዬ ቁርሱን በላና የክኒኑን ማሸጊያ አነሣ። አንድ አወጣ። ሁለተኛ አወጣ። በቃው ስል ሌላ ያወጣል፤ መዳፉ ላይ ተደረደሩ። ውኃውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ዘልዬ እጁን ያዝኩት።

«ምን እያደረግክ ነው አባዬ!»

«ልቀቂኝ እንጂ! የሳምንቱን ነው።»

«የሳምንቱን?»

«ወረቀቱ ጠዋት ነው የሚለው። ጠዋት ጾም ላይ ነኝ። የቀረውን ቅዳሜ አሟላዋለሁ። ድምሩ ያው ነው» አለኝ፣ ትምህርት ላልገባው ተማሪ እንደሚያስረዳ።

ሳምንቱን ሙሉ ያለ መድኃኒት ውሎ ቅዳሜ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ! ወድቆ አለመሰበሩም የፈጣሪ ሥራ ነው። ጮኽኩበት፤ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። «ደም ሥርህ ድምር አያውቅም! ያለፈ ክኒን አይካስም! እህትህን ረሳሃት እንዴ? አንተም እንደ እሷ ብትሆንብኝ ማንን ልይዝ ነው?» ብዬ አለቀስኩ። ክኒኖቹን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው።

የንስሐ አባቱ መድኃኒት መውሰድ ጾም አይሽርም ብለው ነግረውታል። «እሳቸው ፈቅደውልኛል፤ እኔ ነኝ ለራሴ ያልፈቀድኩት» አለኝ። ታዲያ ምን ይደረጋል? ከጾሙ ጋር ብጣላ የምሸነፈው እኔ ነኝ፤ የማውቀው አባቴ ነው። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። «ማታ ማታ ከራት በኋላ ቢወስደውስ? ጾም ሆነም አልሆነ ሰዓቱ ሳይለወጥ?» አልኩት። ለዚህ መድኃኒት ምንም ችግር እንደሌለው ነገረኝ፤ ከዚያው ምሽት ጀምረን ቀጠልን። እኔ እለካለሁ፣ አባዬ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል። እየወረደ፣ እየወረደ መጣ። ሁለተኛው መድኃኒትም ቀረ። ደረቴን ነፍቼ ክሊኒክ ገባሁ፤ ለምን አልነፋ?

የጾሙ መጨረሻ አካባቢ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አባዬ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሽማግሌዎቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ድንገት፣ «ለመሆኑ እናንተ በጾም ክኒናችሁን እንዴት ነው የምትወስዱት?» ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ «እኔማ እስከ ፋሲካ አቁሜዋለሁ» አሉ። ሌላው «ራሴን ሲያመኝ ብቻ ነው» አሉ። ጉድ ፈላ! አባዬ ትንሽ ራቅ ብዬ ከቆምኩበት በእጁ ጠራኝና፣ «ነይ እስቲ፣ ንገሪያቸው» አለኝ።

መለኪያው ከቦርሳዬ አይጠፋም። አጠገባቸው ከተቀመጡ አንዲት እናት ጀመርኩ። ማሰሪያውን ክንዳቸው ላይ ሳስርላቸው፣ «ተባረኪ፣ ዶክተር» አሉኝ። እኔም እንደለመድኩት የአባዬን ዝምታ ጠበቅኩ።

«ዶክተር አይደለችም» አለ አባዬ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማው። «ነርስ ናት። እጄን ይዛ ያተረፈችኝ ነርስ ናት።»

እንባዬ መጥቶ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ እንደገና መለካት ነበረብኝ። «እማማ፣ ስለካዎት አይናገሩብኝ፤ ቁጥሩ ይዛባል» አልኳቸው። ሴትየዋ ከምርቃታቸው ወዲህ አንድም ቃል አልተናገሩም ነበር።