ከድንበር ድንጋይ ስር የወጣችው የጉና ጥንዚዛ

ጎንደር፣ ሰኞ ማለዳ

የምሄድበት ጉዳይ ለሰው ሲነገር ያስቃል፤ እኔን ግን ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል። አምና ተማሪዎቼን ይዤ ጉና ተራራ በወጣሁ ጊዜ ከአንድ ድንጋይ ስር አንዲት ጥንዚዛ ያዝሁ፤ ድንጋዩ የትኛው እንደነበር ግን አልጻፍሁም። ከገብስ ፍሬ ታንሳለች። ክንፏ እንዳጠረ እጀ ጠባብ ከወገቧ በላይ የቀረ ነው፤ መብረር አትችልም። ሲነኳት ጭራዋን እንደ ጊንጥ ታነሣለች። አዲስ አበባ ለሚኖሩ አንድ የውጭ አገር የነፍሳት ሊቅ ላክሁላቸውና መልሳቸው ባለፈው ሳምንት መጣ። «እስከ ዛሬ ማንም ያልጻፋት ትመስለኛለች፤ የላኩልኝ ግን ሴቷን ነው። ዘሩ በእርግጥ የሚለየው በወንዱ ስለሆነ ወንዱ ካልተገኘ አልጽፋትም። ከገና በኋላ ወደ አገሬ እመለሳለሁ» ይላል።

ኅዳር አልቋል፤ ገና ደርሷል። አልዋሽም፣ ስሜ ከጥንዚዛዋ ጋር በመጽሐፍ እንዲወጣልኝ እፈልጋለሁ። ስለዚህ የስምንት ቀን ፈቃድ ለምኜ፣ ሁለት ብር ከፍዬ፣ ጨው የጫነ መኪና ላይ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥሁ።

ወረታ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ

ይፋግን ስናልፍ ፎገራ ተዘረጋ። እንዲህ ያለ ሜዳ የት ይገኛል! ክረምቱን ውኃ የተኛበት ጥቁር መሬት አሁን ሽምብራና ጓያ አብቅሎ አረንጓዴ ለብሷል። ርብ ድልድይ ላይ የከብት መንጋ ሲሻገር ቆመን ጠበቅን። ሾፌሩ ጡሩምባውን አልነካም፤ «የፎገራ ላም ብነፋባትም ዞራ ታየኛለች እንጂ አትነቃነቅም» አለኝ።

ወረታ ላይ አንድ ባለሱቅ፣ ሐጂ ሰይድ፣ በቅሎ ከሚያከራይ ቢተው ከሚባል ሰው ጋር አገናኙኝ። ጉዳዬን ሲሰሙ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «መምህር፣ ለጥንዚዛ ብለው ጉና ድረስ ይደክማሉ? እኔ ጎተራ ውስጥ እኮ ነቀዙ ሞልቶልዎታል» አሉኝ።

የምይዛቸውን ጥንዚዛዎች የማኖርበት አንድ ጠርሙስ አረቄ ገዛሁ። ቢተው ጠርሙሱን አየት አድርጎ «ለመንገድ ነው?» አለ።

«ለጥንዚዛዎቹ ነው።»

«ወይ መታደል» አለና በቅሎውን መጫን ጀመረ።

ጉና፣ ሐሙስ

ሁለት ቀን በበቅሎ ተጉዘን ትናንት ማታ የቢተው አማት አያ ደሴ ቤት ደረስን። ጾም ስለሆነ በሶና ትኩስ ድንች አቀረቡልን። ከቤታቸው በላይ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል በየገደሉ እንደ ዘበኛ ቆሟል፤ ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ የመጣንበት ፎገራ፣ ከወዲያም ጣና፣ ከእግር በታች ይታያል።

ዛሬ ሥራ ጀመርሁ። ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በማሳው ዳርና በግጦሹ ላይ ድንጋይ ስገለብጥ ዋልሁ። ርምጃዬን እየቆጠርሁ ያየሁበትን ቦታ በደብተሬ እጽፋለሁ። ጉንዳን አለ፣ ትል አለ፤ የእኔዋ የለችም። ትዕግሥት የሚባል ነገር ስላልፈጠረብኝ የገለበጥሁትን ድንጋይ ሁሉ እንደተገለበጠ እየተውሁ አለፍሁ።

አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዘው እየተንደረደሩ መጡ። የአያ ደሴ ኩታ ገጠም ጎረቤት አያ ፈንታ ናቸው።

«ማን ላከህ? ደሴ ነው አይደል፣ መሬት የሚለካ ያመጣብኝ?»

ለካ ሁለቱ በድንበር ጉዳይ ሰባት ዓመት ተካሰው፣ የታረቁት ገና አምና ነው። ርምጃ እየቆጠረ፣ እየጻፈ፣ ድንጋይ የሚገለብጥ ሰው ለእነሱ መሬት ቀያሽ እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሰው ተሰበሰበ። አያ ደሴም መጡ፤ ያስታረቋቸው ቄስ፣ አባ ተካም ደረሱ። የጥንዚዛዋን ሥዕል ከደብተሬ አውጥቼ ለአያ ፈንታ አሳየሁ።

ቁጣቸው በአንዴ በረደ። «ይችማ ጭራ ቀስር ናት። ለዚች ነው ይህ ሁሉ?»

«ያውቋታል?»

«የማያውቃት ማን አለ? እርስዎ የሚያገላብጡት በየዓመቱ ማረሻና ከብት የሚያገላብጠውን ነው። ጭራ ቀስር ከቦታው ያልተነሣ ድንጋይ ነው የምትወድ። እዚህ ደግሞ ያልተነሣ ድንጋይ አንድ ብቻ ነው ያለ።»

ሁሉም ወደ ድንበሩ ዞሮ ተመለከተ። አንዱ የድንበሩ ድንጋይ መሆኑ ለእኔም ገባኝ። ከአያቶቻቸው ጀምሮ ማንም አልነካውም። «ምን ቆርጦን!» አሉ አያ ደሴ። ነገ ወደ ታች ካልወረድሁ ፈቃዴ ያልቃል። ሰባት ዓመት የፈጀውን ጠብ ለጥንዚዛ ብዬ ደግሞ መቀስቀስ አልሆነልኝምና «ይቅር» አልሁ።

አባ ተካ ግን «መጀመሪያ የገለበጡትን ድንጋይ ሁሉ እንደነበረ ይመልሱ። የነገውን ነገ እናያለን» አሉኝ። እኔና ቢተው ስንመልስ አያ ፈንታ አብረውን አመሹ። እያንዳንዱን ድንጋይ በእግራቸው ነቅነቅ አድርገው፣ በጎድጓዳው ልክ ካልተቀመጠ እንደገና ያስነሡኛል።

ጉና፣ ዓርብ ጠዋት

ሁሉን እንደነበረ በመመለሴ ሽማግሌዎቹ ፈቀዱልኝ፤ የድንበር ድንጋይ ግን የሚነካው ሁለቱ ባለመሬቶችና ያስታረቀው ሽማግሌ ባሉበት ብቻ ነው። አባ ተካ ድንጋዩን ተጠግተው ዙሪያውን አራት ችካል ተከሉ፤ ሲመለስ አንድ ጣት እንኳ እንዳይዛነፍ። ከዚያ ሁለቱ ጎረቤቶች በየማሳቸው ቆመው፣ ጎንበስ ብለው፣ በአንድ ትንፋሽ አነሡት። እኔ በደረቴ ተኛሁ። ከእርጥቡ አፈር ላይ ጭራቸውን ቀስረው የሚሮጡ ሦስት ጥንዚዛዎች አየሁ፤ ሦስቱንም ያዝሁ።

«ትንሽ ብቆፍርስ?» አልሁ።

«ይበቃዎታል» አሉ አባ ተካ። ድንጋዩ በችካሎቹ መካከል ተመለሰ። አያ ደሴ ለአያ ፈንታ እጅ ውኃ ሲያፈሱላቸው ያየ ሰው፣ እነዚህ ሰዎች ተካሰው ያውቃሉ አይልም።

ጎንደር፣ ሰኞ

ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄድሁ። አንደኛዋን በአጉሊ መነጽር አየሁ፤ ሴት ናት። ሁለተኛዋም ሴት ናት። ሦስተኛውን አስቀመጥሁ። ወንድ ነው። ለብቻዬ መሆኔ በጀ እንጂ ሳለቅስ ተማሪዎቼ ባዩኝ ነበር።

ማንም አያውቃትም እያልን ስንጻጻፍ ከርመናል፤ ጉና ላይ ግን ስም ወጥቶላት፣ ቤቷም ታውቆላት ትኖራለች። ይህን ለሊቁ በደብዳቤ ጻፍሁላቸው። ከዚያ ጥንዚዛው በሚወጋበት መርፌ ላይ የምትሰካዋን ትንሽ ወረቀት አነሣሁ። ቦታው ላይ «ጉና፣ ከድንበር ድንጋይ ስር» አልሁ። ቀጥሎ ያገኘው ሰው ስም ይጻፋል። በመንገዱ ሁሉ ያሰብሁት ይህችን መስመር ነበር። ብዕሬን አንሥቼ «ፈንታ እና ደሴ» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቷ ከጥፍር አትበልጥም፤ ለሦስተኛ ስም ቦታ የላትም።