ይቅርታውን ያነበበችበት ድምፅ

ፖሊሶች ከክፍል ሲወስዱኝ እጄ ላይ የነበረውን የጠመኔ ብናኝ እንኳ አላራገፍሁም። ጎንደር ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ጥፋቴ በመምህራን ስብሰባ ላይ የተናገርሁት ነበር። በጣቢያው የሴቶች ክፍል የሚሉት አንዲት ጠባብ መስኮት ያለችው የቀድሞ መጋዘን ነው። በረኪናና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ዐሥራ አንድ ሴቶች እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ።

ከጎኔ የነበረችውን በስልክ ከማያቸው አስቂኝ ጭውውቶቿ አውቃታለሁ። ኮሶዬ በምትባል የመንገድ ዳር ከተማ፣ በእናቷ ምግብ ቤት ስታስተናግድ፣ ከአውቶቡስ የሚወርዱትን መንገደኞች እያስመሰለች ነው የጀመረችው። ኋላ በሠርግ ቤት፣ በትምህርት ቤት መድረክ፣ ከዚያም በየሰው ስልክ ገባች። ሰው ስታስመስል ፊቷን አታጣምምም። አንገቷን ትንሽ ታቀናለች፣ ድምፅዋን ትለውጣለች፤ ሰውየው ራሱ መጥቶ ይቆማል። ያሳሰራት ውሃ የሌለውን ቧንቧ የሚመርቅ ሹም ሆና የሠራችው ነው።

በገባሁ በአምስተኛው ቀን አንድ አዛዥና ስልክ የያዘ ፖሊስ መጡ። አዛዡ ወረቀት ሰጣት። ዋሽቻለሁ፣ ሕዝባችንን አሳስቻለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ ይላል። እየተቀረፀች ካነበበችው ያንኑ ቀን እንደምትፈታ ነገራት።

«አነባለሁ» አለች። አንገታችንን ደፋን።

ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች። የወጣው ድምፅ ግን የዚያ የቧንቧው ሹም ነበር። በየቃሉ መሀል ያርፋል፤ «ሕዝባችን» ላይ ሲደርስ ይጎትታል። ከወረቀቱ አንዲት ቃል አልቀነሰችም፣ አልጨመረችም። «ዋሽቻለሁ» አለ ሹሙ ረጋ ብሎ፣ በእሷ አፍ። ከኋላዬ አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አዛዡ ድገሚው አላት፤ ያንኑ ደገመችው። በሦስተኛው ስልክ የያዘው ፖሊስ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ምነው በራስሽ ድምፅ አታነቢውም?» አላት አዛዡ።

«ቃሉ የእኔ አይደለማ።»

ለብቻዋ ጨለማ ክፍል አስገቧት። ከስድስት ቀን በኋላ ስትመለስ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። በልጃቸው ምትክ የታሰሩ አንዲት የማክሰኝት ባልቴት ከእኛ ጋር ነበሩ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ለማንም አይነሡም። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና፣ ለትልቅ ሰው እንደሚባለው፣ «ኖር» አሏት። ሁላችንም ተነሣን።

«በእግዜር፣ እማማ» አለች። የሰማናት በጭንቅ ነው።

እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ፣ ልጆቼን እያሰብሁ፣ የሚሰጡኝን ወረቀት ፈርሜ ልወጣ ቆርጬ ነበር። በማግስቱ ተጸጽቻለሁ የሚለውን ወረቀቴን ሲያመጡልኝ ብዕሩን ተቀበልሁ። የተሳሳቱትን ፊደላት አንድ በአንድ አረምሁና ሳልፈርም መለስሁላቸው። በዚህ ሰባት ሳምንት ተጨመረብኝ።

አሁን ሁለታችንም ወጥተናል። እሷ ዛሬም ትሠራለች፤ አዳራሽ ሲከለክሏት በሰው ግቢ ትሠራለች። እኔም ክፍሌ ተመልሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ተማሪዎቼ ከጠረጴዛ ሥር ስልክ ደብቀው አዲሱን ጭውውቷን ሲያዩ ደረስሁባቸው። ደንቡ ስልኩን ቀሚ ይላል። አጠገባቸው ቆሜ እስኪያልቅ አየሁ፤ ድምፄንም አውጥቼ ሳቅሁ።