የአፎቻ ሴቶች ቤታችንን ሊያዩ የመጡ ዕለት

የክርስቲያን ሴቶች ማኅበራችን ወላጅ የሌላቸውን ሴት ልጆች የሚያሳድገው ሸዋ በር አጠገብ በተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ነበር። ወላጆቻቸውን የጨረሰው ወረርሽኝ ካለፈ ወዲህ ልጆቹ በዝተው በአንድ መደብ ላይ ተጣብቀው ይተኛሉ። የቤቱ ባለቤትም ክረምት ሳይገባ ልቀቁልኝ ብሎናል። ሌላ ቤት ካልተገኘ ልጆቹ በየሰው ቤት ገረድ ሆነው መበተናቸው ነው።

በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ አንድ አፎቻ ባዶ ቤት ነበረው። አፎቻ የከተማው ሙስሊም ሴቶች በሰርግና በሐዘን የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። ከእነሱ ጋር እንሥራ የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከባሕር ማዶ ተምሬ በተመለስኩ በዓመቱ ነበር፤ ሰው ፊት መናገር ስለሚያስፈራኝ ሁሉን በወረቀት ጽፌ ለመሪያችን አነበብኩላቸው። ቤቱን እነሱ ይሰጣሉ፤ ቀለቡንና አስተማሪዋን እኛ እንችላለን፤ ከከርሞ ጀምሮ ከሶፊ ገጠር የሚመጡትንም እንጨምራለን።

"እስቲ መጥተው ይዩን" አሉ መሪያችን።

በቀጠሮው ጠዋት ስደርስ ልጆቹ ታጥበው፣ ጸጉራቸው ቅቤ ተቀብቶ ቆመዋል። የሁሉም አንገት ላይ አዲስ ማተብ ታስሯል። ቀድማ ከሶፊ የመጣችው የአንዲቷ ልጅ አንገት ላይም። ወላጆቿ ሙስሊም እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን።

"እሜቴ፣ ይቺ እኮ..." አልኩ።

"ከሌሎቹ ልለያት? ምን አደረገችኝ?" አሉ መሪያችን።

"ቢፈቱላትስ?"

"ማተብ አስሬ ልፍታ? ፈረንጅ አገር የተማርሽው ይሄን ነው?"

በሩ ተንኳኳ።

ሦስት ሴቶች ገቡ። ትልቋ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው፤ አማርኛ እንደ እኛው ይናገራሉ። የልጆቹን አገጭ ቀና እያደረጉ በየተራ አዩ። ከሶፊዋ ልጅ ሲደርሱ በኦሮምኛ የእናቷን ስም ጠየቋት። የሙስሊም ስም ነገረቻቸው። ጣታቸው ማተቡ ላይ ቆመ።

"እናንተ ሸዋዎች በግ ስትገዙም እንዲህ ነው ምልክት የምታስሩት?"

ከኋላቸው አንዷ ሳቀች። እኔ ወለሉን አየሁ።

"በግ በዋጋ ነው" አሉ መሪያችን። "ይህችን በጀርባዬ አዝዬ ነው ያመጣኋት። ስትታመምም ደረቴ ላይ ነው ያደረችው።"

"ለእሱ አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎ። ግን ብትሞትብን ማን ያጥባታል? በየትኛው መቃብር ትገባለች? አፎቻዬ ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ?"

ወረቀቴ ላይ ስለ ቀለብ፣ ስለ ጣሪያው ጥገና ተጽፏል፤ ይሄ አልተጻፈም። ከእንግዶቹ አንዷ መቀስ እንዲመጣ ጠየቀች። የመሪያችን ፊት ጠቆረ። አሁን ተነሥተው ያስወጧቸዋል ብዬ ፈራሁ።

አሮጊቷ እጃቸውን አነሡ። "አይቆረጥም። በሰው ሃይማኖት ላይ መቀስ አላነሣም። ያሰረው እጅ ይፍታው።"

መሪያችን ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ቋጠሮው ጠብቋል፤ ቅቤ የነካው ጣታቸው ይንሸራተታል። ተጠግቼ የልጅቱን ጸጉር ወደ ላይ ያዝኩላቸው። እሷም ቀና ብላ አየችን።

"ልታባርሩኝ ነው?"

"የት አባትሽ ትሄጃለሽ" አሉ መሪያችን። "ዝም ብለሽ ቁሚ።"

ክሩ ተፈታ። መሪያችን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩትና ተነሡ።

"ከእኛም አንዲት ሴት ከልጆቹ ጋር ታድራለች" አሉ አሮጊቷ። "በዚህ ከተስማማን ቤቱን አስጠርጋለሁ።"

መሪያችን በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንግዲያው የሚተኙበትን አሳዩኝ፤ ስንት መደብ እንደሚበቃቸው ልወቅ" አሉ አሮጊቷ።