ግራጫው ዲሽና የአባቴ ሪዝ

እናቴ ስልሳ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ከቴሌቪዥን የጠየቀችው ነገር ቢኖር እንዲጠፋ ብቻ ነው። አንድ ሰኞ ከሥራ ስገባ «ያንን ኤችዲ የሚሉትን አስገቢልኝ» ስትለኝ ጎረቤት አስገብቷል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ጎረቤት አላስገባም ነበር።

«ለምንሽ ነው?» አልኳት።

«ጥርት ያለ ነው አሉ።»

«ያለውስ ምን ሆነ?»

«የሰዉ ሁሉ ፊት ጭቃ ነው» አለች። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ፤ እናቴ ከወሰነች ይግባኝ የለም።

ሰፈራችን ውስጥ ዲሽ የሚተክሉ ሁለት ድርጅቶች አሉ። አንዱ ነጭ ይተክላል፣ ሌላው ግራጫ፤ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው አላጋጠመኝም። ሰው በዲሹ ቀለም ነው የሚቧደነው። የነጩ ደንበኞች ግራጫው ደመና ባየ ቁጥር ይጠፋል ይላሉ። የግራጫው ደንበኞች ደግሞ ነጩ ስልሳ የኤችዲ ቻናል ይሰጥና አንዱም አይታይም ይላሉ። እኔ አቋም አልነበረኝም። ቀኑን ሙሉ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጬ የሰው ቅሬታ ስሰማ የምውል ሰው ስለሆንኩ ቤት ስገባ ስለ ምንም ነገር አቋም የለኝም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ እናቴ ሥራ ልንገራችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ሠርታለች። ሁለት መቶ ማሽን በአንድ አዳራሽ ሲጮህ ሰው የራሱን ሳል እንኳ አይሰማም። ስለዚህ እዚያ የሚሠራ ሁሉ የሚያወራው በከንፈር ነው። ድምፅ አያወጡም፤ አፋቸውን ለቀቅ አድርገው ቃሉን ያሳያሉ። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን እንዳረገዘች፣ የማን ባል ሰክሮ እንደገባ፣ ሁሉም አዳራሹን አቋርጦ ያለ ድምፅ ይወራል። እናቴ በዚህ ወደር አልነበራትም። ሥራ አስኪያጁ በመስታወት በተከለለው ቢሮው ውስጥ በስልክ ሲነጋገር ከማሽኗ ሳትንቀሳቀስ ታነበው ነበር። ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም ራዳር ይላት ነበር።

አባቴም እዚያው ነው የሠራው፣ መጀመሪያ የማሽን ጠጋኝ ሆኖ፣ ኋላ ፎርማን። ፎርማን ሲሆን ሪዝ አሳደገ። ፎርማን ያለ ሪዝ ማን ይፈራዋል? አባቴ ጡረታ ሲወጣ ሪዙ አብሮት አልወጣም፤ ወፍሮ፣ ወርዶ፣ የላይኛውን ከንፈር ጨርሶ ወደ ታችኛው ተሻግሯል። ሾርባ ሲጠጣ ማን እንደሚጠጣው አይታወቅም።

እነዚህ ሁለት ሰዎች መነጋገር ካቆሙ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነበር። አልተጣሉም። እሷ ትሠራለች፣ እሱ ይበላል፤ እሱ ይጠግናል፣ እሷ ታጸዳለች። ለየብቻ ስጠይቃቸው ሁለቱም ጥፋቱን ወደ ሌላው ይጠቁማሉ።

«አባትሽ ማውራት ተወ» ትላለች። «ሰለቸሁት መሰለኝ።»

«እናትሽ ተቀይማኛለች» ይላል እሱ፣ ሳህኑን እያየ። «ምን እንዳደረግኳት አላውቅም። ሦስት ጊዜ ይቅርታ ብያታለሁ። አንገቷን እንኳ ቀና አላደረገችም።»

ኤችዲ በተጠየቀበት በዚያው ሰኞ አባቴ ለብቻዬ ወደ በረንዳ ጠራኝና ቅዳሜ በቀትሩ አውቶቡስ ወንድሙ ጋ እንደሚሄድ ነገረኝ። ለስንት ቀን ብዬ ጠየቅኩት።

«ለቀን አይደለም» አለ። «እዚያ ቢያንስ አጎትሽ ይሰድበኛል።»

ሻንጣው በነጋታው ከአልጋ ሥር ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እናቴ አየችው፣ አቧራውንም ጠረገችለት። እኔ በዚያ ሳምንት በሁለቱም ተናድጄ ነበር። ሁለት ያረጁ ሰዎች እንደ ሕፃን ተኳርፈው አንዱ ሻንጣ ያዘጋጃል፣ አንዷ የምስል ጥራት ታማርጣለች።

ማክሰኞ ከሰዓት ፈቃድ ወስጄ የነጩን ሰውዬ አስመጣሁ። ሸሚዙን በሱሪው ውስጥ የከተተ፣ ስለ ዲሽ ሲያወራ ዓይኑ እንባ የሚያቀር ሰው ነው። ነጩን ዲሽ ለአንድ ሳምንት ሙከራ ተከለና እናቴን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ነብር ከፈተላት።

«ይዩልኝ እማማ! የነብሩ ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል!»

«ነብር አያወራም» አለች እናቴ። «ሰው አምጣ።»

ኳስ አመጣ። ሯጮች አመጣ። የሆነ ባሕር ውስጥ የምትዋኝ ሴትዮ አመጣ።

«የዜና አንባቢ የለም?» አለች። «ደግሞ ድምፁን አጥፋልኝ። የምገዛው ምስል ነው።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ዜናውን ከፈተላት። እናቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ አፍጥጣ ቆየችና «ይሄም ጭቃ ነው» አለች። ሰውዬው አምኖ ተቀበለ፤ በነጩ ዲሽ የውጩ ሁሉ ኤችዲ ነው፣ የእኛ ዜና ግን ገና አልደረሰም፤ በቅርቡ ይደርሳል። ይልቅ ድራማ ይዩ ብሎ በእኛ ቋንቋ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎች ያሉበትን ቻናል አሳይቶን ሄደ።

ሐሙስ ከሥራ ስገባ እናቴ በንዴት ቀልታ አገኘኋት።

«ይቺ ሴትዮ ውሸታም ናት» አለች፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የምታለቅሰውን ተዋናይት እየጠቆመች። «ጥርት ብላ ትታያለች፣ ግን አፏ አንድ የሚገባ ቃል አይወጣውም።»

«ትርጉም እኮ ነው እማዬ። አፏ የሚለው በሌላ ቋንቋ ነው። ድምፁን ስሚው እንጂ፣ ድምፁ የእኛ ነው።»

አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ፖስታ ቤት የሌላ ሰው ጥቅል ሊወስዱ መጥተው መታወቂያ ስጠይቃቸው እንደዚያ ነው የሚያዩኝ።

የሆነ ነገር ጠርጥሬ ወደ ዜናው ቀየርኩላት። ወንበሯን ስባ ስክሪኑ አጠገብ፣ በክንድ ርቀት ላይ ተቀመጠች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ሪሞቱን አነሳሁና ድምፁን አጠፋሁት። ጥቂት ደቂቃ አለፈ።

«ድልድዩን ሊመርቁት ነው አሉ» አለች ሳትዞር። «አሁን ነው የሚያልቀው? ስድስት ዓመት ሙሉ!»

ሪሞቱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሁለት ዓመት አብሬያት ስኖር አላወቅኩም። ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ሆና ስለምታወራ፣ ጥያቄዬን ሁሉ ስለምትመልስ፣ ጆሮዋ እንደሄደ አልገባኝም። በራሴ አፈርኩ። ከፊቷ ሄጄ ተንበረከክኩና «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

ለመካድ አሰበች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ከዚያ ተወችው።

«ቀስ በቀስ ነው የሄደው» አለች። «ያንቺን ከንፈር አያለሁ። የጎረቤቶቹን አያለሁ። የአባትሽን ግን…» እጇን አፏ ላይ ሪዝ አድርጋ አሳየችኝ። «እዚያ ውስጥ ያወራ አያወራ በምን አውቃለሁ? ጠጋ ብሎ የሚያወራኝ ሰው ባይኖር ዜና አንባቢዋን ልይ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪውም?»

ያኔ ስለ መጋዘኑ ነገረችኝ። ፋብሪካው ውስጥ ጆሮዋ የደከመ ሴት የማሽኑን ብልሽት በድምፅ አትለይም ተብላ ወደ ክር መጋዘን ትዛወር ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ማሽን የለም፣ ሰውም የለም፤ ቀኑን ሙሉ ካርቶን መደርደር ነው። ዝውውሩ ላይ የሚፈርመው ፎርማኑ ነው።

«አራት ጓደኞቼን እሱ ነው የፈረመባቸው» አለች። «ሥራው ነበር፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን አምስተኛዋ አልሆንም። ከሄደም ሰምታ ዝም አለችኝ ብሎ ይሂድ። ብትነግሪው አንቺና እኔ ተቆራረጥን።»

ቃል ገባሁ። አርብ ሙሉ ቀን ፖስታ ቤት ተቀምጬ በገባሁት ቃል ስቃጠል ዋልኩ፤ የአንዱን ሰውዬ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ማኅተም መታሁበት። በመጨረሻ ወደ ግራጫው ድርጅት ደወልኩ። የእነሱ ኤችዲ ዐሥራ ሁለት ብቻ ነው፣ ግን የእኛ ዜናና የውይይት ፕሮግራሞች በሙሉ አሉበት። ቅዳሜ ጠዋት ኑ አልኳቸው። አባቴን አውቀዋለሁ፤ ብሎን ሲታሰር እያየ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው አይደለም።

ቅዳሜ ባለ ግራጫው መጣ። የማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ጣሪያው ከሳሎኑ መስኮት ትይዩ ነው። መስኮቱን በአቧራው ምክንያት ዘግተነዋል። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ሻንጣውን በር ላይ አቁሞ፣ ሰዓቱን እያየ ጥቂት ታገሠ። ከዚያ ሻንጣውን ከፍቶ የብሎን መፍቻ አወጣና መሰላሉን ወጣ። የብሎን መፍቻ ይዞ ወንድሙ ጋ ሊሄድ እንደነበር ያኔ ነው ያወቅኩት።

እላይ የተነጋገሩትን አልሰማሁም። ያየሁት አባቴ ዲሹን ወደ ግራ ሲገፋ፣ ባለሙያው ወደ ቀኝ ሲመልስ፣ አባቴ እንደገና ወደ ግራ ሲገፋ ነው። ከብዙ መግፋትና መመለስ በኋላ አባቴ ምስሉን ላረጋግጥ ብሎ ወርዶ ገባ። እናቴ ሳሎን ውስጥ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆማ ነበር፤ ምስሉ ሲመጣ እንድትነግረን አደራ ብለናታል።

«መጣ?» አለ አባቴ ከኋላዋ።

ዝም።

«ምስሉ መጣ ወይ?»

ዝም።

«ሴትዮ! ምስሉን ነው የምጠይቅሽ!» ብሎ ጮኸ። አንገቱ ቀላ። ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ አይደል?» አለኝ። «አየሽ? ይኸው ነው ሁለት ዓመት ሙሉ።»

በዚህ ጊዜ ባለ ግራጫው ጣሪያው ላይ ቀና ብሎ ላቡን ጠረገና ለራሱ የሆነ ነገር አጉረመረመ። በተዘጋው መስታወት ውስጥ አንድ ድምፅ አልገባም። እናቴ ግን ከት ብላ ሳቀች።

«ልክ ነህ ልጄ!» አለች ወደ መስኮቱ። «ካልነካካ አይሆንለትም! ፋብሪካም እንዲሁ ነበር!»

አባቴ መስኮቱን አየ። አሁንም የሚያጉረመርመውን የባለሙያውን አፍ አየ። እሱም የሽመና ክፍል ሰው ነው፤ ስለ እሱ የተባለውን አንብቦታል። ግን አልተናደደም። እናቴን ከኋላዋ ለረጅም ጊዜ ተመለከታት፤ ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ የብሎን መፍቻውን ሲሚንቶው ላይ ለቀቀው።

እኔ ደንግጬ ዘለልኩና ከግድግዳ ተላተምኩ። እናቴ ዞር እንኳ ሳትል ቴሌቪዥኑን ታይ ነበር።

አባቴ ዕድሜውን የማሽን ብልሽት ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። ሁለተኛ ሙከራ አላስፈለገውም።

«ታውቂ ነበር?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ከሐሙስ ጀምሮ።»

«ለምን ደበቀችኝ?»

ቃሌን አሰብኩ። ከዚያ «መጋዘን» አልኩት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

አባቴ የበሩን መቃን ያዘ። ስለ አራቱ ሴቶች እያሰበ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ስማቸውን አንድ በአንድ የሚያስታውስ ይመስል ከንፈሩ ከሪዙ ሥር ተንቀሳቀሰ። ኮቱን አውልቆ ሻንጣው ላይ ጣለና መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቆለፈ።

እዚያው ቆየ። አውቶቡሱ አለፈው። ባለ ግራጫው የሚነካካው ሰው በሌለበት ዲሹን አስተካከለ፤ ዜና አንባቢዋ ስክሪኑ ላይ መጣች፣ ጥርሶቿ ሳይቀሩ ይታያሉ። እናቴ በደስታ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበችና ተደላድላ ተቀመጠች።

ያኔ መታጠቢያ ቤቱ ተከፈተ። የወጣውን ሰው መጀመሪያ አላወቅኩትም። ሪዙ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ፣ በሁለት ቦታ ደምቶ፣ ላዩ ላይ የሶፍት ቁራጭ ተለጥፎበታል። ዕድሜዬን ሙሉ አይቼው የማላውቅ ቀጭን ከንፈር አለው። መጥቶ በእናቴና በቴሌቪዥኑ መካከል ቆመ።

እናቴ ዞር በል ልትል እጇን አነሳች። እጇ አየር ላይ ቀረ።

አባቴ አፉን ከፈተ። ድምፅ አላወጣም፤ እንደ ሽመና ክፍሉ አፉን ለቀቅ አድርጎ አንድ ነገር አለ። እናቴ አየችው። እሷም ያለ ድምፅ መለሰች። እሱ ቀጠለ። እሷ ጣቷን ቀሰረችበት፣ እሱ ደረቱን መታ፣ እሷ ሦስት ጣት አሳየችና ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ሦስቱንም ይቅርታህን አልሰማሁም ማለቷ ነው ብዬ ገመትኩ። እሱ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች፣ ግን ዓይኗን አልጠረገችም፤ ከጠረገች አታይም። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ውስጥ ወሬ ተወራ፣ እኔም አንድ ቃል አልሰማሁም። ቅር አላለኝም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ባለ ግራጫው ቅጹን ይዞ ገባና በሩ ላይ ቆመ። ሁለቱን አየ፣ ቴሌቪዥኑን አየ፣ እኔን አየ።

«ድምፁ እምቢ አለ እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ ደህና ነው።»

«ፓኬጁን ልሙላ ብዬ ነው። እማማ ትልቁን ነበር ያሉት አይደል? ኤችዲው በሙሉ?»

ሄጄ የእናቴን ትከሻ ነካሁ። ለአንድ አፍታ ወደ ባለሙያው ዞረች፤ ጥያቄውን ደገመላት።

«ትንሹን» አለች።

«ትንሹ እኮ ሦስት ቻናል ብቻ ነው ያለው እማማ።»

«ይበቃል ልጄ» አለችና ቶሎ ወደ አባቴ ተመለሰች። «አታቆየኝ፣ እያወራ ነው፤ ያመልጠኛል።»