የሙፈቲሹ የልጅ ልጅ ደወለች

«አያቴ አገራችሁን ይወድ ነበር፤ ለሰዉም ሥራ ሰጥቷል» አለችኝ ዛሬ ጠዋት አንዲት እንግሊዛዊት በቪዲዮ።

አያቷ በእንግሊዝ ዘመን እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሙፈቲሽ፣ ማለትም የመንግሥት ተቆጣጣሪ ነበር። ኋላም መሬት ይዞ አራሽ ሆኗል። አሁን እሷ የቤተሰቧን ታሪክ እየጻፈች ስለሆነ እሱን የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልግልኝ ብላ ስትነዘንዘኝ ሰነበተች።

እኔም ምናልባት ያውቀው ይሆናል ብዬ የላከችልኝን ፎቶ ስልኩ ሳይዘጋ ለአባቴ አሳየሁት።

አባቴ ፊቱ ጠቆረ።

«ይኸማ እርሻችንን የነጠቀን ነው! ጎጇችንን አስፈርሶ አባቴን በገዛ መሬቱ ላይ የቀን ሠራተኛ አደረገው። ሥራ ሰጠ የምትለው ይኸን ነው?»

ሳላለሳልስ ተረጎምኩላት።

«ይኸን መጽሐፉ ውስጥ ባላስገባው አባትህ ይቀየማሉ?» አለችኝ። በጣም በትሕትና ነው ታዲያ፤ ሲነጥቁም እንዲህ በትሕትና ይሆን እንዴ?

አባቴ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። «አባቴ ኑርዬ ይባል ነበር። መጀመሪያ የሱን ስም ጻፊ፤ አለዚያ ያያትሽን ታሪክ ከኔ ቤት አትፈልጊ በላት» አለኝ።

«ላስብበት» አለች።

ዘጋሁባት።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ከአባቴ ጋር ስኖር እርሻ እንደነበረን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። የጠየቀችው የነጣቂው የልጅ ልጅ ናት።

እናንተስ? የተነጠቃችሁትን መሬት ማን ነገራችሁ? ወላሂ ጻፉልኝ፣ ለአባቴ አነብለታለሁ።