በኦቦ ቶሎሳ ኮክ ውስጥ ያሉት ትሎች

ባለፈው እሑድ ሱሉልታ እህቴ ቤት ምሳ ላይ፣ የእህቴ ልጅ ከኮክ ውስጥ የወጣ ትል በስልኩ ፎቶ አነሳ። ስልኩ ወዲያው የትሉን ዝርያ ነገረው። ሁሉም ተደነቀ፤ እኔ ግን የድሮ ፍርሃቴ ትዝ አለኝ።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነበርኩ፤ ባለሙያነቴ ግን የደመወዝ መክፈያ ላይ ብቻ ነበር። ያኔ ከባሕር ማዶ የገባች የፍራፍሬ ዝንብ አገሩን አስጨንቃ ነበር። አለቃዬ "መጤዋ ናት ብዬ ለበላይ ነግሬያለሁ። ሄደህ አረጋግጥ፤ ዝንቧ እንዳትዛመት ዛፎቹ ይቆረጣሉ" ብሎ ሰበታ፣ ወደ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ገበሬ የኮክ ጓሮ ላከኝ። ማይክሮስኮፑን እንደ ሕፃን አቅፌ በጭቃው ወረድኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ትሎቹን አረቄ ውስጥ ነክረው ጠበቁኝ። "እንዳይበሰብሱብህ ብዬ ነው።"

ትሎቹ ከሰል መስለዋል። ትል መጀመሪያ በፈላ ውኃ ካልተገደለ አልኮል ያጠቁረዋል፤ ከጠቆረ ደግሞ የዝርያው ምልክት አይታይም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

"አረቄዬም በከንቱ ሄደ በለኛ!"

ሁለቱ ልጆቻቸው ሳቁ። ገጀራ ይዘው አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ የሚቆርጡት ነገር ግን አላየሁም።

አዲስ ኮክ ሰነጠቅን። አንዱ ትል እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ተፈናጠረና ጉንጬ ላይ አረፈ፤ ጮኽኩ። የመጤዋና የነባሯ ያገራችን ዝንብ ትሎች መንትያ ናቸው። የሚለያቸውን፣ ጅራታቸው ላይ ያለውን መተንፈሻ ቀዳዳ ለማየት ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ፤ ትሉ ሲንፈራገጥ ቀዳዳውም አብሮ ይደንሳል።

"አባቴ የተከለው ዛፍ ነው" አሉ ኦቦ ቶሎሳ ከኋላዬ። "ንገረኝ ልጄ፣ የትኛዋ ናት?"

"አላውቅም ኦቦ። ትሎቹ ዝንብ ሆነው ክንፍ እስኪያወጡ ይጠብቁኝ።"

ታላቅየው ልጅ ተነሳ። "እስከዚያ ዛፉን የሚነካ አለ?"

"የለም" አልኩ። ማን ፈቅዶልኝ? ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አለቃዬንም ፈራሁ።

ትሎቹን አሸዋ ባለበት ጠርሙስ ከትቼ ቢሮ አስቀመጥኩ። አለቃዬ በየጠዋቱ ያፈጥብኛል። ኦቦ ቶሎሳ በር ላይ ቆመው "አካም፣ ከብቶችህ እንዴት አደሩ?" ይሉኛል፤ ትሎቹን ማለታቸው ነው፣ ፊታቸው ግን አይስቅም። እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ክንፈ ዝንጉርጉር ዝንቦች ወጡ፤ የመጤዋ ክንፍ ጥርት ያለ ነው፣ ይህችኛዋ ነባሯ ናት። የዚያ ዓመት ኮክ አብዛኛው በሰበሰ፣ ዛፎቹ ግን ተረፉ።

ይህን ስተርክ ሰዎች ሐቀኝነቴን ያደንቃሉ። አለቃዬን ብቻ ፈርቼ ቢሆን "መጤዋ ናት" እል ነበር፤ ገጀራውን ብቻ ፈርቼ ቢሆን "ነባሯ ናት"። ሁለቱን እኩል ስለፈራሁ "አላውቅም" ከሚለው እውነት ሌላ መሸሸጊያ አልነበረኝም።