አባቴ የአንድ ዓመቱን ምረጥ ብለውኝ ነበር

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ፎርም ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ የሒሳብ መምህር ለመሆን የትኛውን ዲግሪ ልምረጥ?» አለችኝ። እንባዬ መጣ።

ልጅቱ ደነገጠች። (ሒሳብ ተማሪን እንደሚያስለቅስ ታውቃለች፤ አስተማሪን ሲያስለቅስ ግን አይታ አታውቅም።)

እኔም በ1962 ዓ.ም. ደሴ አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ምርጫ ነበረኝ። ወይ አንድ ዓመት ሠልጥኜ ሕፃናት ማስተማር፣ ወይ አዲስ አበባ አራት ዓመት ተምሬ በሒሳብ ዲግሪ መያዝ።

ከሰቆጣ ወዲያ ወዳለው አገሬ፣ ፃግብጂ ድረስ ሄጄ አባቴን አማከርኋቸው። ገበሬ ናቸው።

«የአንድ ዓመቱስ አስተማሪ አያሰኝም?» አሉኝ። «ዝናቡ እየሸሸን ነው። ቶሎ ደመወዝ ብትይዝ ለእኛም ትደርስልን ነበር።»

«አራት ዓመት ምን አላት አባባ፤ ትንሽ ይታገሡኝ» አልኋቸው።

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብለው ስንቄን ራሳቸው ተሸክመው እስከ ሰቆጣ ሸኙኝ።

ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ድርቁ ጠና። ደብዳቤ ብልክ መልስ ጠፋ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ከሰቆጣ በእግሬ ገሰገስሁ። ቤታችን በሩ ክፍት ነው፤ ሰው የለበትም።

ከመንደሩ የተረፉ አንዲት አሮጊት፣ «እናትህን ሚያዝያ ላይ ቀበርናት። አባትህ እህል ፍለጋ ወደ ወልድያ እንደወጣ ቀረ፤ የት እንደወደቀ አናውቅም» አሉኝ።

ዲግሪውን ያዝሁ። አርባ ዓመት ሒሳብ አስተማርሁ፤ ሙያዬንም እወደዋለሁ። የአባቴን መቃብር ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

እናንተስ፣ ትምህርት ስትመርጡ ቤት የቀረው ሰው ምን ብሏችሁ ነበር? ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።